የአባትህ አናት ስምንት ጊዜ

ቆሰበር፣ ኅዳር 14 ቀን 1974 ዓ.ም.

ወንድሜ ዋኘው፣

የአባትህን ፎቶ አነሳልሃለሁ ብዬህ አልነበር? ጉዴን ስማ። ያቺ ከምናለሽ ተራ የገዛኋት አሮጌ የሣጥን ካሜራ ሆድ ላይ ተይዛ ከላይ ወደ ታች ካላዩባት ምንም አታሳይም። አባባ ገሠሠ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ፈረሳቸውን ጭነው ደጃፍ ቆሙልኝ። ካሜራዋን ለማየት አንገቴን ደፋ ሳደርግ እጅ የነሳኋቸው መስሏቸው እሳቸውም እስከ ወገባቸው ጎንበስ!

«አባባ፣ እርስዎ እንኳ ቀና ይበሉ!»

«እንግዳ ጎንበስ ብሎልኝ እኔ ልገተር? ነውር ነው!»

እኛ ሰፈር ፎቶ ቤት «ቀና በል» ሲሉን አገጫችን ጣሪያ ይነካል፤ እዚህ ግን ፊልሜን አክብሮት ጨረሰብኝ። አንዱ ፊልም የሚያነሳው ስምንት ብቻ ነው፤ ስምንት ጊዜ አጎነበስኩ፣ ስምንት ጊዜ አጎነበሱ። ቀጥ ብሎ ካሜራዋን ያያት ፈረሱ ብቻ ነው። በመጨረሻ ወገባቸውን ይዘው ምን አሉ መሰለህ?

«ከአብዮቱ ወዲህ እጅ መንሳት ቀረ ሲሉን ነበር፤ ለካ አዲስ አበባ ብሶበታል! ታዲያ የእኔው ልጅ ይህን እንኳ ሳይማር አምስት ዓመት ሙሉ እዚያ ምን ይሠራል?»

ፖስት ካርዱ አለቀብኝ፣ ጠርዙ ላይ እየጻፍኩ ነው። እሳቸውም ፈረሱም ደህና ናቸው። ባለቤትህን ማናየሽን ሳምልኝ። የአባትህን አናት ስምንት ጊዜ ይዤልህ እመጣለሁ። ፊታቸውን ግን ራስህ መጥተህ ጉልበታቸውን ስትስም፣ ከታች ቀና ብለህ ታየዋለህ።

አድማሴ