ገምጋሚዎቹ ስለ ልጄ ትምህርት ሲጠይቁኝ

ሐሙስ፣ የግንቦት ሚካኤል ዕለት

ዛሬ የዩኒቨርሲቲውን የኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ትምህርት የሚገመግሙ ሰዎች ከአዲስ አበባ ደባርቅ መጥተው ወላጆችን ሰበሰቡ። ልጄ ሰርካለም ዘንድሮ ትመረቃለች። ጧት ስወጣ እጄን ይዛ፣ «አባየ፣ ማሽኖቹ ከነሳጥናቸው እንደተቆለፈባቸው ነው። ሞተር ፈትተን አናውቅም። እኛ ብንናገር ይቀየሙናል፤ እርስዎን ግን ይሰሙዎታል» አለችኝ። እሺ ብያት ሄድሁ።

አዳራሽ ስገባ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ብድግ ብሎ ከፊት አስቀመጠኝ። ስብሰባውንም እኔ መርቄ ከፈትሁ። ኋላ አንዲት ገምጋሚ፣ «አባታችን፣ በልጅዎ ትምህርት የጎደለ ነገር አለ?» አለችኝ። ኃላፊው ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ተነስቶ ያስቀመጠኝን ሰው በእንግዳ ፊት እንዴት ላዋርደው? «ምንም አልጎደለባትም፤ እግዜር ይስጣቸው» አልሁ። ተጨበጨበ። ደስም አለኝ፤ አሁን የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ማታ ሰርካለም፣ «ነገሩልኝ?» አለች። የሆነውን ነገርኋት።

«ታዲያ ሥራ ቦታ ሞተሩን ፈትተሽ ጠግኚ ሲሉኝ እርስዎን ልጥራ?» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ቀና ብል ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

እናቷ በሕይወት ብትኖር ፊት ለፊት ትናገርላት ነበር። እሷ ማን ምን ይለኛል አትልም ነበር።

ሰዎቹ ነገ ጧት በጎንደር አድርገው ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ አሉ። ማደሪያቸው ከእኛ ቤት ሩቅ አይደለም። ሄጄ ልንገራቸው እላለሁ። ግን መርቄ በከፈትሁት ስብሰባ ዋሽቻለሁ ብዬ ለመናገር አፌ እንዴት ይታዘዘኛል።