ለንግሥቲቱ ፊርማ ሁለት ቀዳዳ

ይድረስ ለተከበሩ የቤተ መዘክራችን ዋና ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በተለይ ዓይንዎ? እኔ እንቅልፍ ከማጣቴ በቀር በደግነትዎ ደኅና ነኝ።

ይህን በአደባባይ የምጽፍልዎ ጡረታ የወጣሁ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ፤ ምናልባት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ ሠላሳ ዓመት የነገሥታት ፊርማና ማስታወሻ አብረን ስንሰበስብ «እትዬ» ይሏት የነበረችው ሴት። ባለፈው ዓመት ለዐውደ ርእይዎ በውሰት ያስረከብኩዎት፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የነበሩት ንግሥት ለጫማ ሰፊው ቅድመ አያቴ በእጃቸው የጻፉለትን ደብዳቤ ነበር። ጫማው እንዳማረ፣ የግራው ግን እንደሚጠብባቸው ገልጸው የፈረሙበት ይህ ወረቀት ከአባቴ የወረስኩት ብቸኛ ሀብቴ መሆኑን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ዐውደ ርእዩ አብቅቶ ሲመለስልኝ ስላየሁበት መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. መዝገብ ቤትዎ የንግሥቲቱን ደብዳቤ ከውሃ ክፍያ ማስታወቂያ ሳይለይ «ገቢ» የሚል ማኅተም መትቶ ቁጥር ስለሰጠው አመሰግናለሁ። ያን ሁሉ ዘመን ያለ ቁጥር መቆየቱ ያሳፍር ነበር።

፪ኛ. እርስዎም ጠረጴዛዎ ላይ ከተቆለለው ጋር ሲያገኙት፣ ምንነቱን ሳያዩ በአረንጓዴ እስክሪብቶ «ለሚመለከተው ክፍል፣ ተገቢው ይፈጸም» ብለው ኅዳጉ ላይ ስለመሩበት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የግራው ጫማ ጉዳይ በመጨረሻ የሚመለከተው ክፍል ስላገኘ፣ አፈሩን ገለባ ያድርግለትና ቅድመ አያቴም ያርፋል።

፫ኛ. የሚመለከተው ክፍል ተገቢውን ፈጽሟል። በወረቀት መብሻ በስቶ ፋይል ውስጥ አሰረው። አንዱ ቀዳዳ ባዶ ቦታ ላይ አረፈ፤ ሌላው የንግሥቲቱን ስም የመጀመሪያ ፊደል ይዞት ሄደ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ እስከዚህ ድረስ ይቅር ብዬ ነበር። መዝገብ ቤት እጁ የለመደውን ይሠራል፤ እርስዎም ሥራ ይበዛብዎታል። አንድ ቀን ብቅ ብለው «እትዬ፣ አጠፋን» ቢሉኝ ኖሮ ቀዳዳውን በገዛ እጄ እጠግነው ነበር፤ ሙያዬ ነው።

፬ኛ. ለአቤቱታዬ በፊርማዎ የላኩልኝ መልስ ግን «ሰነዱ ሲመጣም የተበሳ ነበር» ይላል። ያንን ወረቀት እጅዎን ታጥበው፣ ሳሎኔ መስኮት ላይ ወደ ብርሃን አንሥተው ስንቴ አይተውታል? «እትዬ፣ የመርፌ ቀዳዳ እንኳ የለበትም» ብለው የተደነቁት እርስዎ አልነበሩም? ወረቀት ቢበሳ ወረቀት ነው። እርስዎ ግን ካዱኝ፤ ያቃጠለኝም ይህ ነው።

ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ መብሻዎም እንዳይዶለዱም፣ የሚመለከተው ክፍልም ሥራ እንዳይፈታ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከማይበሳ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የቀድሞ እትዬዎ

ግልባጭ፦ ለንግሥቲቱ፣ ባሉበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ የላኩልኝን መልስ ስብስቤ ውስጥ ከንግሥቲቱ ደብዳቤ ቀጥሎ አስቀምጬዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁት የሐሰት ፊርማ እንዳይሸጥልኝ ነበር። የእርስዎን በማጉያ መነጽር መርምሬዋለሁ፤ ፊርማው እውነተኛ ነው። ሐሰቱ ከፊርማው በላይ ያለው ነው።