ሚላኖ ዝናብ አልነበረም

ውድ ወይዘሮ ኒቬስ፣

«አንቺ በይኝ፤ እኔ ሰላጣ አጣቢ እንጂ ዳኛ አይደለሁም» ብለውኝ ነበር። ሞክሬ አልሆነልኝም። በአፌ ያልሆነልኝ በወረቀትም አይሆንልኝም፤ እንደለመድኩት ልጻፍ። ደውዬ እንዳልነግርዎት ያውቁኛል፤ ስልክ ላይ ሁለት ቃል ሳልናገር ድምፄ ይጠፋል። ትምህርቴን በአሥራ ስድስት ዓመቴ ስለተውኩት ስህተት ካገኙ ይለፉኝ።

እሑድ ነው። እናቴን ሱፐርማርኬቱ ጠርቷት ሄዳለች። ወጥ ቤት ብቻዬን ተቀምጫለሁ። በጣም ደክሞኛል፤ ግን ይህን ሳልጽፍ ነገ የፋብሪካውን በር ማለፍ የምችል አይመስለኝም።

የመጀመሪያ ቀኔን ያስታውሱታል? አምና መጋቢት ላይ ነው። ማጠቢያው ገንዳ አጠገብ አቆሙኝ፤ ውሃው በረዶ፣ እኔም ዝም። እርስዎ ቅጠሉን እያገላበጡ፣ «ምላስሽን መልበሻ ክፍል ቆልፈሽበት መጣሽ?» አሉኝ። ፈገግ አልኩ። «ይሁን፤ እዚህ የሚያወራ ሞልቷል፤ የሚሰማ ነው የጠፋው» አሉና እስከ ምሳ ድረስ ሲያወሩልኝ ቆዩ። እዚያው ፋብሪካ ቋሚ ሆነው ሃያ ሁለት ዓመት እንደሠሩ፤ የዓመቱ ፈረቃ ግድግዳ ላይ ስለሚለጠፍ የልጅዎን የክርስትና ቀን ከስድስት ወር በፊት እንደቆረጡ፤ ፋብሪካው ሲሸጥ ሁላችሁም እንደተሰናበታችሁ፤ በሃምሳ ስምንት ዓመትዎ ደግሞ ሲጠሩ ብቻ የሚገቡ ሆነው እንደተመለሱ። «ይህን ውል ለልጅና ለአሮጊት ነው የሚሰጡት፤ መሃል ያለው ሰው ጥያቄ ያበዛል» አሉ። የመስመሩ ኃላፊ ቫልተር ሰምቶ ሳቀ። እርስዎ አልሳቁም።

የአየሩን ነገር ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት። «የእኛን ሰማይ አትዪ፤ የሚላኖን እዪ» አሉኝ። ሚላኖ ፀሐይ ከወጣ ሰው ሰላጣ ይበላል፤ ከዘነበ ሾርባ ያምረዋል። ሱፐርማርኬቶቹ ያንን አይተው ያዛሉ፤ ፋብሪካው ትዕዛዙን አይቶ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሲጠሩ ብቻ ለምንገባው ለአርባችንም በስልክ መልእክት ይልካል፦ ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ስምንት ሰው። ቀድሞ «እመጣለሁ» የሚለውን የነካ ይገባል። የቀረው እቤቱ ይውላል።

እርስዎን ደግሞ ስልኩ አያውቅዎትም ነበር። ያ ሁሉ ዓመት ቀዝቃዛ ውሃ የጣትዎን ጫፍ ልሙጥ አድርጎት፣ ስክሪኑን ቢነኩት ቢነኩት ዝም። አንድ ቀን አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አሳዩኝ። «ይኸው፣ ሞተሻል ይለኛል። ለጡረታዬ አንድ ዓመት ቀርቶኝ እንዴት አድርጌ ነው የምሞተው?» ከዚያ የሥራ መልእክትዎ የሚከፈትበትን የሚስጥር ቁጥር በዳቦ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ጽፈው ሰጡኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥር ሰዓት ሲሆን መጀመሪያ በእርስዎ ስም ገብቼ እነካለሁ፤ ወጥቼ ደግሞ በራሴ። ጣቴ ፈጣን ስለሆነ ሁለታችንም እንደርስ ነበር። ከዚያ ወደ ቤትዎ ስልክ እደውላለሁ። አንዴ ጠርቶ ከተቋረጠ ገብተዋል፤ ሁለቴ ከጠራ ሞልቷል። እርስዎም መልሰው አንዴ ያስጠሩልኛል፤ ሰምቻለሁ ማለት ነው። ማንም አያነሳም፣ ማንም አያወራም። ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር የማወራው እሱን ብቻ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

መስከረም ላይ ቫልተር መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ወረቀት ለጠፈ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ብዙ ቀን የገባ አንድ ሰው ቋሚ ይሆናል። አብረን ስንገባ ስለከረምን እርስዎና እኔ እኩል ከፊት ነበርን። ቋሚ ከሆኑ ያ የቀረዎት ዓመት ያልቃል። ወረቀቱን አንብበው በክርንዎ ጎሸም አደረጉኝና፣ «በይ እንግዲህ፣ አሮጊቷን ገፍተሽ እንዳትጥዪ» አሉኝ። እየቀለዱ ነበር።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። ጫማዋን እያወለቀች ነበር፤ አንዱን በእጇ እንደያዘች፣ «በዚህ ቤት አንድ ሰው እንኳ ሰኞ የት እንደሚውል ቢያውቅ» አለች። ከዚያ ሁለተኛውን ጫማ አወለቀች።

በማግስቱ ሚላኖ ላይ ዝናቡ ጀመረ። ስምንቱ ሰው አምስት፣ ከዚያ አራት ሆነ። ማክሰኞ መልእክቱ ሲመጣ ጣቴ ከራሴ ስም ጀመረ። ጣቴ ነው አልኩ። ወደ እርስዎ ስም ስገባ ሞልቷል። ሁለቴ አስጠራሁ፤ እርስዎ እንደ ወትሮው አንዴ መለሱልኝ። ረቡዕም እንዲሁ አደረግሁ፤ ረቡዕ ግን ጣቴ አልነበረም። ዓርብ ዝናቡ አባርቶ ስምንት ሰው ተጠራ። ሁለታችንም በደረሰን ነበር። በእርስዎ ስም ሳልገባ ሁለቴ አስጠራሁ።

እሑድ እንደ ድሮው በሁለታችንም ስም ነካሁ። ሰኞ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ፣ «ያለፈው ሳምንት ምን ነካው?» አሉኝ።

«ሚላኖ ዘነበ» አልኩ።

«ዓርብም?»

«ዓርብም።»

አውቶቡሱ መጣና ተሳፈርን። ልንወርድ ስንል፣ «እህቴ ፒየራ ሚላኖ ናት። ዓርብ ደውዬላት በረንዳዋ ላይ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የአየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው ነው የተናገሩት። ያን ቀን ገንዳው አጠገብ ቅጠሉን ብቻ ሲያገላብጡ ዋሉ። ስንወጣ እጅዎን ዘርግተው፣ «ያቺን የዳቦ ወረቀት መልሺልኝ» አሉ። ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁዎት። ቁጥሩን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልነካሁትም።

ወሩ ሲያልቅ የቋሚነቱን ውል ፈረምኩ። የእስከ ታኅሣሥ ፈረቃዬን እናቴ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች፤ ባለፈች ቁጥር ጠርዙን ታስተካክለዋለች። ሰኞ የት እንደምውል አውቃለሁ። በእርስዎ ቦታ ላይ በየቀኑ የተለየ ሰው ይቆማል፤ ስማቸውን ሳላውቅ ይሄዳሉ። ሦስት ሳምንት አልመጡም። ያ ስልክ አሁንም ዝም እንደሚልዎት የማውቀው እኔ ነኝ።

ቫልተር ዘንድ ሄጄ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኩት፤ «ቦታውን ለእሷ ስጣት» አልኩት። ከእሱ ጋር ያን ያህል አውርቼ አላውቅም። «ውል እኮ የአውቶቡስ ወንበር አይደለም፣ ተነስተሽ ሰው የምታስቀምጪበት» አለኝ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ «ስሟ ግን የሚጠሩት ሰዎች ዝርዝር ላይ አሁንም አለ» አለ።

ይህን ሁሉ ያወቁት ይመስለኛል። የማያውቁት አንድ ነገር አለ፤ ለመጻፍ የከበደኝም እሱ ነው። ሰኔ ላይ ትምባሆ መሸጫው ውስጥ አንድ እስክሪብቶ አየሁ። ጫፉ ላስቲክ ነው፤ ስክሪን ሲነኩበት ይሠራል፣ ጣት አያስፈልገውም። ባለሱቁ ለእናቱ እንደገዛላት ነገረኝ። ወዲያው እርስዎን አሰብኩ። ከዚያ እስክሪብቶውን መልሼ አስቀመጥኩት። እሱን ከያዙ አሥር ሰዓት ላይ የሚጠራልኝ አይኖርም ብዬ ነው። ይህን ያኔ ብገዛልዎት ኖሮ መስከረም ላይ የእርስዎ ቀን በእኔ እጅ ባልነበረ።

ፖስታው ውስጥ ያለው እሱ ነው። የሥራ ጓንት አድርጌ ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል። ጫን አያድርጉት፤ ላስቲኩን ነካ ማድረግ ይበቃል። ዛሬውኑ መጥቼ በርዎ ላይ ያለው ሳጥን ውስጥ እከተዋለሁ፤ ደወሉን አልደውልም።

ነገ አሥር ሰዓት ላይ መልእክቱ ይመጣል። ማክሰኞ ሚላኖ ፀሐይ ነው ይላሉ። እኔን አምነው እንዳይቀበሉ፤ ፒየራን ይጠይቋት። የሚስጥር ቁጥሩንም ይቀይሩት፤ እኔ የማላውቀው ይሁን።

ከገቡ ማስጠራት የለብዎትም። እኔ ግን አሥር ሰዓት ላይ እንደ ድሮው ስልኩ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ቢጠራም አላነሳም።

ኖኤሚ
ከገንዳው በስተግራ