ችሎቱ ቀጭን ውኃ የወጣ ዕለት

ኅዳር 25
ከወረዳ ፍርድ ቤት ተመልሼ ማራኪ ሰፈር ያለው ቤቴ ገባሁ። ደክሞኛል። ዛሬም ቀጠሮ... ዳኛው «ባለመሬቷ እናትሽ ራሷ ቀርባ ትናገር» ይላል። በምን እግሯ? እማዬ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በሰው ተደግፋ ነው የምትሳለም። ከመንደሯ ከቀጭን ውኃ እስከ መኪና መንገድ ያለው ቁልቁለት ደግሞ ለጎረምሳም ይከብዳል። አለምነህ ይህን ያውቃል። የአጎቴ ልጅ ተብዬው! መሬቷን አርሶ ምርቱን እኩል እንዲያካፍላት ሰጠችው፣ ድርሻዋን ከለከላት፣ አሁን ደግሞ «አክስቴ በስጦታ ሰጥታኛለች» ይላል። በር ላይ ጠብቆ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የትነበርሽ፣ ምነው ትንከራተቻለሽ? ቤትሽን ለተማሪ እያከራየሽ አርፈሽ ብትቀመጭ!» ምላሱን ይቁረጠው።

ታኅሣሥ 14
የመዝገብ ቤቷ ስንዱ ደወለች። ለፍትሕ አስተዳደር ማሻሻያ ተብሎ ለፍርድ ቤቱ የገንዘብ ድጋፍ ተሰጥቷል አለችኝ። ሳቄ መጣ። «ስልጠና እያሉ ሆቴል ሊቀመጡበት ነዋ!» አልኳት።
«ኧረ አስጨርሺኝ! ዳኞቹ በዚያ ድጋፍ መኪና አግኝተው ገጠር ድረስ ወጥተው ችሎት ይቀመጣሉ። አቅመ ደካማ ያለበት ጉዳይ ይቅደም ተብሏል።»
እውነት ይሆን? ስንዱ ዋሽታኝ አታውቅም።

ጥር 24
አለምነህም ሰምቷል። ደስ አለው አሉ! ጠላ ቤት ቁጭ ብሎ «ይምጡ! ወረዳ ላይ እሷ ትለፍልፍ ይሆናል፤ ቀጭን ውኃ ግን ሰዉ የኔ ነው» ሲል ነበር። ሰዉ እውነት የሱ ቢሆንስ? ምስክሮቹ አብረውት ማኅበር የሚጠጡ ናቸው። እማዬ ያለዚያች መሬት ምን አላት...

የካቲት 11
ችሎቱ ቀጭን ውኃ ወጣ! ከሚካኤል ደጅ፣ ወይራው ሥር ጠረጴዛ ተዘረጋ። ዳኛው ተቀይሯል፤ የመጣችው ልጅ እግር ሴት ናት። እማዬን ሁለት ሆነን ደግፈን አመጣናት። ያልመጣ ጎረቤት የለም።
ምስክሮቹ ተራ በተራ «ስጦታ ነው» አሉ። ከዚያ ዳኛዋ እማዬን ጠየቀቻት። እማዬ ስለ ስጦታ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። «እሱን ተይው ልጄ። የኅዳር ሚካኤል ዝክሬን ማን እንደሚያደርስልኝ ብቻ ጠይቂልኝ።»
ዳኛዋ አልገባትም። የቤተ ክርስቲያኑ ገበዝ አባ ፍቅረ ማርያም ተነስተው አስረዷት። ከዚያ መሬት በየዓመቱ ለዝክር የሚሆን ገብስ ይመጣል፤ ሲሰጥም የባለመሬቱ የክርስትና ስም ይጠራል።
«ዘንድሮ ማን አመጣው?» አለች ዳኛዋ።
«አለምነህ።»
«በማን ስም?»
አባ ወደሱ ዞሩ። «አንተው ተናገር። የቆምክበትን ደጅ ታውቀዋለህ።»
ያ ለፍላፊ ጋቢውን ሲጎትት፣ መሬት መሬት ሲያይ... «በወለተሩፋኤል» አለ። የእማዬ የክርስትና ስም ነው!
ሰዉ አጉረመረመ። አክስቱን ሲቀማ አልፈራም፣ ሚካኤልን ግን ፈራ! በራሱ ስም ቢሰጥ በረዶ ገብሱን እንዳይመታበት እኮ ነው። ከምስክሮቹ አንዱ፣ ምንይችል፣ ተነስቶ «እኔ ቃሌን ላርም» አለ። እልል ልል አፌን ስከፍት እማዬ ቆነጠጠችኝ።

የካቲት 26
ተፈረደልን! መሬቱም የእማዬ፣ የተከለከለችው ድርሻም ይመለስላት ተባለ። ስንዱን መዝገብ ቤቱ ውስጥ አቅፌ አሽከረከርኳት። ድጋፉን የሰጡትን ሰዎች አላውቃቸውም፤ በድጋፋቸውም ስቄ ነበር። ዕድሜ ይስጣቸው። ለአለምነህ ደግሞ ቁርጥማት።

መጋቢት 20
ቀጭን ውኃ ነኝ። መሬቱን ጎረቤታችን አያ ውዱ ያርሰዋል። እማዬ ዳር ላይ ቁጭ ብላ «አጥልቀው እንጂ፣ ምነው ትጭረዋለህ!» ትለዋለች። ከስንት ጊዜ ወዲህ ድምፅዋ እንዲህ ወጥቶ አልሰማሁም።
አለምነህ በሬዎቹን እየነዳ አለፈ። ቆመና «እንዴት ዋላችሁ?» አለ። እማዬ «እግዜር ይመስገን፣ ልጆቹ ደህና ናቸው?» ትበለው! እኔ ጀርባዬን ሰጠሁት።
«አንቺ፣ ሰላምታ የእግዜር ነው» ብላ ተቆጣችኝ።
ከሆነ ለእግዜር እመልሳለሁ። ለሱ ግን አልመልስም።
ሸጋ ቀን ነበር።