እናትህን ያስጠናሃት ቃል

ውድ ጃል፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ትርጉም አትስጠው። መጀመሪያ ዓሣውን ብላ። ይህን ካነበብክ በኋላ አይወርድልህም።

ትናንት ፖሊሱ ከችሎት ሲያስወጣህ እናትህን ያየህበትን ዓይን አይቻለሁ። ከዳችኝ ብለሃል። እሱን ላስተካክልልህ ነው የምጽፈው።

ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ የውጭ ክለብ ወላጅ አልባ የሆኑ ረጃጅም ስደተኛ ልጆችን ለቅርጫት ኳስ ይመርጣል የተባለ ጊዜ፣ የጋምቤላ ልጅ የነበርከው በአንድ ሳምንት ወላጅ አልባ ስደተኛ ሆንክ። ከዚያ እናትህን ማንጎው ሥር አስቀምጠህ አስጠናሃት። አማርኛ ብዙ ስለማትችል ቃል በቃል ነበር። የመንግሥት ሰው ከጠየቀሽ «ኛቶክ ነኝ፣ ልጅ የለኝም» በይ አልካት። ስትሳሳት ትቆጣት ነበር።

እናንተ ኑዌሮች ዘንድ የወለደች ሴት በልጇ ስም ትጠራለች። እሷም ለሰፈሩ ሁሉ «ማን ጃል» ነበረች፣ የጃል እናት። እሱንም ከለከልክ። ከዚያ ወዲህ ገና እንዳልወለደች ልጃገረድ በራሷ ስም ኛቶክ ስትባል አቤት ትላለች።

ክለቡ ወሰደህ፣ ታወቅክ። ማልያ ለብሰህ የተነሳኸውን ፎቶ ስልኬ ላይ አሳየኋት። ፊትህን በጣቷ ነካችና ጮክ ብላ፣ «ይሄ የማን ልጅ ነው?» አለችኝ። ደጁ ላይ ሰው ነበር።

ጉልበትህ ሲበላሽ ክለቡ አሰናበተህ፤ ያኔ እኛ ትዝ አልንህ። መጥተህ ግን ሆቴል አረፍክ። እሷን ለእንግዶችህ ስታስተዋውቅ «ጎረቤታችን ናት» አልክ። እኔን፣ ላገባሽ ነው ያልከኝን ፀዳለን፣ ጭራሽ አላስተዋወቅኸኝም። የኳስ «አካዳሚ» ከፈትኩ ብለህ እናቶቻቸው በሕይወት ያሉ ልጆችን በሐሰት ሰነድ ወላጅ አልባ ስታደርግ ተያዝክ። ከዚያ ሁሉ የኳስ ዘመን የተረፈህ ሙያ ይኸው ነው።

ትናንት ዐቃቤ ሕጉ ምን እንዳለ ሰምተሃል። «በራሱ ሰነድ እዚህ ዘመድ የለውም፣ በዋስ ከወጣ ድንበር ይሻገራል» አለ። ጠበቃህ «እናቱ እዚህ አሉ» ብሎ አቆማት። ዳኛው «ይህ ልጅዎ ነው?» ሲሏት አስተርጓሚውን እንኳ አልጠበቀችም።

«ኛቶክ ነኝ። ልጅ የለኝም።»

ጠበቃህ ደግሞ ጠየቃት። ደግማ መለሰች። ዋስትናህን ከለከሉህ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። የተበቀለችህ መስሎኝ ነበር። ለእኔም ጭምር የተበቀለችልኝ መስሎኝ አንጀቴ ራሰ።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችና በሹክሹክታ፣ «ፀዳለ፣ ደህና አወራሁ? ጃልን አሁን ይለቃሉ?» አለችኝ።

ገባህ? ያስጠናሃትን ነው ያለችው። ከካምፕ ወጥተህ እስክትታሰር ድረስ «እማ፣ ከእንግዲህ ልጄ ነው በይ» ብለህ ቃሉን አላነሳህላትም። የመንግሥት ሰው ጠየቃት፣ መለሰች። ያዳነችህ ይመስላታል።

«ደህና ተናግረሻል፣ ማን ጃል» አልኳት። ስሟን ስትሰማ ፈገግ አለች። ወዲያው ደግሞ በአገጯ ሹፌሩን አሳየችኝ፣ ሰው ይሰማል ዝም በይ ለማለት።

ጠበቃህ ዛሬ ደውሎልኝ ነበር። ሐሙስ እንደገና ሊያቀርባት ስለሚፈልግ «አንቺ ነሽ የምትቀርቢያት፣ እባክሽ አስረጃት» አለኝ። ባስረዳት ያሳሰረችህ እሷ መሆኗን ታውቃለች። ያን አውቃ አንድ ሌሊት አታድርም። አንተ ደግሞ እስር ቤት ማደሩን ትችላለህ፤ ወጣት ነህ። ስለዚህ አላስረዳትም። ሐሙስም ያንኑ ትላለች፤ ዛሬ ጠዋት ዓሣውን እየጠበሰች ለብቻዋ ስትለማመድ ሰምቻታለሁ።

አዎ፣ የበላኸው ዓሣ የእሷ ነው። «ከጎረቤት ነው በይው» ብላኛለች። ምሳ ዕቃውን አጥበህ ላክ፤ ነገም ታበስልልሃለች።

ፀዳለ
የጎረቤትህ ጎረቤት