ሳልጠይቅ ስለጸዳልኝ አሮጌ ኮምፒውተር

ለተከበሩ የሽንኩርት አምራቾች ዩኒየን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊና ለባልደረቦቻቸው፤

የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ጤናችሁን፣ የቤታችሁን ሰላም፣ ከሁሉም በላይ የልጆቻችሁን በደህና ወጥቶ መግባት አላህ እንዲያጸናላችሁ ዱዓዬ ነው። እኔ በዩኒየናችሁ ሥር ያለው ማኅበራችን ጸሐፊ ስሆን ኮምፒውተርን ማንም ሳያስተምረኝ በስተርጅና የተማርኩ ነኝና፣ የእውቀት ጉድለት ብታገኙብኝ እንደተለመደው በትዕግሥት ታልፉኛላችሁ።

ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የተጫነበትን አዲስ ኮምፒውተር ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ሊኑክሱን አልወቅስም፤ የታዘዘውን ይሠራል። የእኔ ነገር ከአዛዦቹ ጋር ነው።

አንደኛ፣ ኢሜይሌንና ቅንብሬን ከአሮጌው እንድታዛውሩልኝ ጠይቄ ነበር። ቅንብሩ በሚያስደንቅ ጥንቃቄ ተዛውሯል። የፊደሉ መጠን፣ የአድራሻ መዝገቤ፣ በመስኮቱ ላይ ያኖርኩት የሐይቃችን ፎቶግራፍ ሳይቀር በየቦታቸው ናቸው። የጎደሉት ደብዳቤዎቹ ብቻ ናቸው።

ሁለተኛ፣ ደብዳቤዎቹ ከኢንተርኔት በራሳቸው ይወርዳሉ ብላችሁ አጽናናችሁኝ። አሮጌው ኮምፒውተር ግን የመጣውን ሁሉ ወደ ራሱ አውርዶ ኢንተርኔት ላይ ያለውን እንዲያጠፋ የተስተካከለ ነበር። ይህን ከፍቶ ማየት ይቻል ነበር፤ ሥራ ስለበዛባችሁ እንጂ።

ሦስተኛውን ለማስረዳት ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ጦርነቱ ከተማችን ሐይቅ ሲደርስ ያንን ኮምፒውተር በጋቢ ቋጥሬ ለጎረቤቴ ለተሾመች በአደራ ሰጠኋት። ጭድ ውስጥ ቀበረችው። ታጣቂዎች ቤቷን በረበሩ፣ በሬዋን ነዱባት፤ እሷ ግን ምን እንደምትጠብቅ እንኳ ሳትጠይቅ ቋጠሮዬን እንዳለ መለሰችልኝ። ለእናንተም በዚያው ጋቢ ቋጥሬ ሳስረክብ ስለ ውስጡ «አደራ» ከማለት በቀር ቃል አልጨመርኩም። እናንተ ግን «አባባ፣ ቫይረስ እንዳይኖርበት ሙልጭ አድርገን አጸዳንልዎ፤ በነጻ ነው» ብላችሁ በፈገግታ መለሳችሁልኝ። በውስጡ የነበረው የት እንደገባ ስጠይቅ «ታዲያ ምነው ሳይነግሩን?» ተባልኩ። እኛ ዘንድ አደራ ሲሰጥ ውስጡ አይዘረዘርም፤ ተቀባዩ የተቀበለውን ያህል ይመልሳል።

ከዘረዘርኩ አይቀር፣ በውስጡ የነበሩት ልጄ ሙስዓብ ከቆቦ የጻፈልኝ ደብዳቤዎች ናቸው። እዚያ አስተማሪ ነበር። መንገዱ ከተዘጋ ወዲህ እሱም አልመጣ፣ መርዶውም አልመጣ። በመጨረሻው ደብዳቤው ለእናቱ ሻሽ እንደገዛላት ይነግረኛል፤ ቀለሙንም ጽፎ ነበር። አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ አሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ዛሬ በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ የስሙን መጀመሪያ ስጽፍ አድራሻውን ራሱ ይሞላልኛል። ለእሱ የምጽፍበት አለኝ፤ የጻፈልኝ ነው የሌለኝ።

እናቱ ዑምኩልሱም በየጁምዓው ታስነብበኝ ነበር። አሁን ስትጠይቀኝ «ገና እየተስተካከለ ነው» እላታለሁ። ውሸት የማይወድ ሰው መሆኔን ጠላቶቼም ይመሰክራሉ፤ ይህን ሙያ ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ።

የጠፋው እንደማይመለስ ስለነገራችሁኝ መልሱልኝ አልልም። የምለምነው አንድ ነገር ነው። በአገራችን መርዶ በወረቀት አይላክም፤ ሰዎች ተሰብስበው በማለዳ ደጅ ይመጣሉ። ክቡር ኃላፊ፣ ባልደረቦችዎን አስከትለው ይምጡና የደብዳቤዎቹን መርዶ ለዑምኩልሱም ይንገሩልኝ። እኔ አልችልም።

እጅግ የጸዳ ኮምፒውተር ባለቤት የሆንኩት፣ አክባሪያችሁ
ሀሚዱ ኑርዬ፣ ከሐይቅ

ሳልዘነጋው፦ በአገልግሎታችሁ ምን ያህል እንደረካሁ የምትጠይቁበት ኢሜይል በሰላም ደርሶኛል። በሳጥኔ ውስጥ ያለው ደብዳቤ እሱ ብቻ ነው።