ደንበኛ የማያስገባው ማሽን

ለተከበሩ የንግድ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

የቡና መሸጫዬን ገና ሳልከፍተው አሽገውብኛል። የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና የወንበርዎን ምቾት ከዚያ ቀጥሎ እጠይቃለሁ።

ይህን የምጽፈው ልጄ፣ አባባ በትሕትና ይቅርታ ጠይቅ ስላለችኝ ነው። ደሞዟን ትታ ከእኔ ጋር ቡና ልትሸጥ የመጣች ልጅ ስለሆነች ትሕትናውን እነሆ አቅርቤያለሁ፤ ይቅርታው ግን ከየት እንደሚጀመር ጠፍቶኛል።

1ኛ፦ ክፍሌ በልብስ ሰፊውና በፀጉር አስተካካዩ መካከል የተሰነቀረች፣ ሁለት ሰው ከቆመባት ሦስተኛው ከደጅ ሆኖ ሰላምታ የሚሰጥባት ናት። ይህን አይቼ በእጅ የሚጫን ትንሽ የቡና ማሽን መረጥኩ፤ ያረጀ የጎማ ቀለበቷንም ራሴ ፈትቼ ለወጥኩ። የላኩልኝ ተቆጣጣሪ ሁለት ስኒ ጠጥተው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ ይቺ መጫወቻ ናት፣ መመሪያው የሚለው ትልቅ ማሽን ነው አሉኝ። በመጫወቻ የተፈላ ቡና ሳይጠየፉ ስለ ጨረሱልኝ አመሰግናለሁ።

2ኛ፦ መመሪያዎን አክብሬ ትልቁን አመጣሁ። አልገባ ስላለ አናጢ ጠርቼ በሩን ከነመቃኑ አስነቅዬ መልሼ አስተከልኩ። ማሽኑ ክፍሏን ግጥም አድርጎ ሞላት፤ ልጄ ለሥራ ስትገባ እኔ መውጣት ግድ ሆነብኝ። የሞከርነው ዕለት ማሽኑ መብራቱን ሁሉ ስለሳበው የልብስ ሰፊው ካውያ ቀዘቀዘ፣ የፀጉር አስተካካዩም ቶንዶስ ራስ ላይ እንዳለ ቆመ፤ ግማሹን የተላጨው ሰውዬ እስከ ዛሬ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ነው የሚያልፈኝ።

3ኛ፦ ተቆጣጣሪዎ ተመልሰው መጡና የደንበኛ መቆሚያ የለም ብለው ክፍሏን አሸጓት። ልክ ናቸው፤ መቆሚያውን የያዘው መመሪያዎ ነው። ትልቁን ላውጣ ብል ደግሞ የታሸገ ክፍል አይነካም ተባልኩ።

እሽጉ ይነሣልኝና ማሽኑን ወደ ቢሮዎ ልላከው፤ እዚያ ስፋት አለ፣ ሥራም አያጨናንቀውም።

ከወንበርዎ ሳይነሡ ረጅም ዘመን እንዲቀመጡ የሚመኝልዎ፣
በገዛ ሱቁ ደጅ የቆመው ሽማግሌ

ማስታወሻ፦ ትንሿ ማሽን አሁን በልብስ ሰፊው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ሆና ለጎረቤት ታፈላለች። ፀሐፊዎ ጠዋት ጠዋት በፔርሙስ የምታመጣልዎ፣ እርስዎም ማን ነው እንዲህ የሚያጣፍጠው እያሉ የሚያደንቁት ቡና የዚችው ማሽን ነው። ከነገ ጀምሮ እሽጉ እስኪነሣ ፔርሙሱ ባዶውን ይመለሳል። እኔም ስለዚህ ጉዳይ ሁለተኛ አንድ ቃል አልተነፍስም።